ስሙ ጌት፣ ሥራው የሎሌ

በሐዋሳ ከተማ በሐይቁ ዳር፣ ጉዱማሌ በሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ፣ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፊቼ ጫምባላላን በሚያከብርበት ዕለት የተገኘ ሰው፣ በሌላ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ቦታው ያው ነው ብሎ ለማመን ጥቂት ይቸገራል፤ በዚያ ዕለት ሽማግሌውና ጎልማሳው በቄጣላ ዜማ ምድሩን ሲያናውጡት የዋሉት ሜዳ፣ በዓሉ አልፎ ሕዝቡ ወደየቀዬው ከተመለሰ በኋላ፣ የተማሪ፣ የፍቅረኛ፣ የጡረተኛና የአባ ኮዳ መዋያ ሆኖ ይከርማልና። እኔ ከእነዚህ ከአራቱ ወገኖች የሦስተኛው ነኝ። ወፍ ከሆነው ከአራተኛው ጋራም በራሰ በራነትና በአካሄድ ጥቂት ዝምድና ሳይኖረን አይቀርም፤ እሱም እንደ እኔ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚንጐራደድ ይመስላል፣ እሱም እንደ እኔ ማንም ሳይጠራው ሰው ከሚበላበት ቦታ አይጠፋም።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲያኰበኵብ፣ የልጅ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶበት ስለ ነበረ፣ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑና ታናናሾቹ አላስጠና ቢሉት፣ «አባባ፣ ወደ ጉዱማሌ ልከተልዎት» አለኝና ደብተሩን በብብቱ ሸጕጦ አብሮኝ ወጣ። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ እኔ ሐይቁን፣ እሱ ደብተሩን ስንመለከት ጥቂት ከቈየን በኋላ፣ ድንገት ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ ጌት ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ጌት ማለትማ ጌታ ማለት ነው፤ ጌታቸውን፣ ጌትነትን፣ ጌታሁንን ሁሉ እናቱ ስታቈላምጠው ጌትዬ ትለዋለች» ብዬ መለስኩለት። ከጐናችን ረከቦቷን ዘርግታ ቡና የምታፈላው ሴትም፣ ጥያቄው እሷንም የሚመለከት መስሏት፣ «የትኛው ጌት ነው? የዩኒቨርሲቲው ዋናው ጌት ከሆነ ባጃጅ ያደርሳችኋል» አለች። ልጁ ሁለታችንንም በትዕግሥት ከተመለከተ በኋላ፣ የእንግሊዝኛውን ግስ ማለቱ እንደ ሆነ አስረድቶ ደብተሩን ዘረጋልኝ። በገጹ ራስ ላይ «ጌት» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ከሥሩም ከ1 እስከ 31 ቍጥር ተደርድሮ፣ በየቍጥሩ ፊት አንዳንድ ፍቺ ሰፍሯል። ገጹ ስላልበቃ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በኅዳጉ ላይ፣ ሞልቶ በሄደ አውቶቡስ በር ላይ እንደ ተንጠለጠሉ መንገደኞች፣ ወደ ጐን ዘመው ይታዩ ነበረ።

መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ደብዳቤ ቢደርስህ ጌት ነው፤ ገበያ ወጥተህ ዳቦ ብትገዛ ጌት ነው፤ ከዚህ ተነሥተህ ቤትህ ብትደርስም ጌት ነው። ቀኑ ሲበርድ፣ ሰው ሲያረጅ፣ ሾርባው ሲቀዘቅዝ፣ ባጠቃላይ ፍጥረት ሁሉ ከነበረበት ወደ አልነበረበት ሲለወጥ ጌት ከመካከሉ አይታጣም። ሲጋቡ እሱ ነው፣ ሲፋቱም እሱ ነው፤ አውቶቡስ ሲሳፈሩ እሱ፣ ከአውቶቡስ ሲወርዱም እሱ፤ በሽታ ሲይዝ እሱ፣ ከበሽታው ሲድኑም ያው እሱ ራሱ። በሠርጉ ቤት አጋፋሪ፣ በችሎቱ ቤት ጠበቃ፣ በመናኸሪያው ተሸካሚ፣ በሐኪም ቤቱ አስታማሚ ሆኖ የሚያድር እንዲህ ያለ ሎሌ ከዚህ ቀደም በየትኛውም ባላባት ግቢ ታይቶ አያውቅም፤ ስሙን ግን ጌት አሉት።

ልጁን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመው 24ኛው ነበረ። «ጌት ሎስት» ይላል። «አባባ፣ ይህ እኮ ቃል በቃል ሲፈታ የጠፋህ ሁን ማለት ነው፤ እነሱ ግን ከፊቴ ሂድልኝ ለማለት ይናገሩታል። ሰው እንዴት እንዲጠፋ ይታዘዛል?» አለኝ። እኔም፣ «አያትህ እንግሊዝኛ ሳትማር አርባ ዓመት ሙሉ ‹ጥፋ ከፊቴ› ስትለኝ ኖራለች፤ አንድ ቀንም ጠፍቼ አላውቅም» አልኩት።

በእውነቱ ከዚህ ግስ ጋራ የተዋወቅሁት ልጁ ከመወለዱ ብዙ ዘመን በፊት ነው፤ ትውውቃችንም ያላማረ ነበረ። አገራችን ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት ወዲህ በትምህርት ቤት የፈረንሳይኛን ወንበር ለእንግሊዝኛ ስትሰጥ፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የሰላም ጓድ የተባሉት ወጣት አሜሪካውያን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሲበተኑ፣ እኔ ከቅኔ ቤት ዘግይቼ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገርኩ ጐረምሳ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ አንድ ትሑትና ታጋሽ የሆነ የባሕር ማዶ ሰው ሒሳብ እንዲያስተምረን ተመደበልን። ይህ መምህር አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በቍጥር ከሞላ በኋላ፣ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ እጁን አራግፎ፣ በፈገግታ ወደ እኛ ዞረና፣ «ዲድ ዩ ጌት ኢት?» ሲል ጠየቀ። እኛ የምናውቀው ጌት አንድ ፍቺ ብቻ ነበረው፤ እሱም «ተቀበለ» ነው። እርስ በርሳችን ተያየን፤ ዴስካችንን ከላይም ከሥርም መረመርን፤ የተሰጠን ነገር አልነበረም። የክፍላችን አለቃም፣ ሐሰት መናገርን እጅግ የሚፈራ ልጅ ነበረና፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ስለ ሁላችንም፣ «ኖ ሰር» አለ።

መምህሩ ጥቂት ካሰበ በኋላ ሰሌዳውን ደምስሶ እንደ ገና ከሀ ጀምሮ አስረዳ፤ ሲጨርስም ያንኑ ጠየቀ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የደረሰን ነገር ስላልነበረ፣ መልሳችን ያው «ኖ ሰር» ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ የሰውዬው ፊት ቀላ፣ የእኛም ሆድ ባባ፤ እንዲህ የሚደክምልን ሰው ሊሰጠን ያሰበውን ነገር አንድ ክፉ ሰው በመንገድ አስቀርቶበት ይሆናል ብለን ገመትን። በምሳ ሰዓት መክረን ሁለት ተማሪዎች ከነጆንያቸው ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ላክን፤ የሒሳብ መምህራችን የሰጡንን ዕቃ ልንረከብ መጣን እንዲሉ። ዲሬክተሩ ምን እንደ መለሱ መልእክተኞቹ እስከ ዛሬ አልተነፈሱም፤ ጆንያው ግን ባዶውን ተመለሰ።

ይህ መከራ የጌት ብቻ እንዳይመስለው ብዬ፣ በመምህርነት ዘመኔ ያነበብኩትን ለልጁ አጫወትኩት። ጄምስ መሬይ የተባሉት ስኮትላንዳዊ ሊቅ፣ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ተብሎ የታወቀውን ሥራ በ1879 እ.ኤ.አ. በአዘጋጅነት ሲረከቡ፣ መጽሐፉ በዐሥር ዓመት ይፈጸማል ተብሎ ታስቦ ነበረ፤ ነገር ግን አምስት ዓመት ተደክሞበት በ1884 የመጀመሪያው ክፍል ታትሞ ሲወጣ፣ ሊቁ ከመጀመሪያው ፊደል እንኳ ገና ሳይወጡ፣ «አንት»፣ ማለት ጕንዳን፣ ከሚለው ቃል ላይ ደርሰው ነበረ፤ እንደ እውነቱም ከሆነ አካሄዱ የጕንዳን አካሄድ ነበረ። መሬይ በ1915 ዐረፉ፤ መጽሐፉ የተፈጸመው በ1928 ነው። በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም ደግሞ «ሴት» የሚለውን ግስ፣ አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ማኖርና ማስቀመጥ የሚል ፍቺ ያለውን የእንግሊዝኛውን ሴት ማለቴ ነው፣ ወደ 430 በሚደርስ ፍቺ ተነተነው። ይህን ነገር አንድ ማታ ለባለቤቴ ባወራላት፣ ሽንኵርት ከምትከትፍበት ቀና ሳትል፣ «አነሰ» አለችኝ።

ከዚያም ወዲህ የባለ ብዙ ፍቺነት ማዕርግ ከሴት ላይ ተነሥቶ ሮጠ ለሚለው ለ«ራን» ተላልፏል። ከመዝገበ ቃላቱ አዘጋጆች አንዱ የሆኑት ፒተር ጊሊቨር ይህን አንድ ግስ ለአዲሱ እትም ሲያሰናዱ ዘጠኝ ወር እንደ ፈጀባቸውና 645 ፍቺ እንደ ቈጠሩለት ተናግረዋል። እኔ እንደማስበው ዘጠኝ ወር ለአንድ ግስ ተገቢ ጊዜ ነው፤ ለአንድ ልጅም የተወሰነው ይኸው ነውና።

ልጁ ግን አልተጽናናም፤ ሌላ ብሶት ነበረበት። የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው ድርሰት ሲያጽፏቸው ጌትን ባዩበት ቦታ ሁሉ በቀይ ቀለም ይሰርዙና፣ «ይህ የመንገድ ቃል ነው፤ ኦብቴይን በል፣ ሪሲቭ በል፣ አክዋየር በል» ይሏቸዋል። እሱም፣ «ሠላሳ አንዱን በመከራ ካጠናሁ በኋላ እንዳትጽፈው አሉኝ» እያለ አማረረ። እኔም የነገሩን ሥር ነገርኩት። ይህ የተናቀው ጌት፣ በጥንት ዘመን ከሰሜን በመርከብ እየመጡ የእንግሊዝን ደሴት ይወጉና ይሰፍሩባት ከነበሩት ከቫይኪንጎች ጋራ የገባ ቃል ነው፤ በእነሱ አንደበትም ሲጠራ «ጌታ» ይባል ነበረ። ልጁ ቀልድ መስሎት ሣቀ፤ ቀልድ አልነበረም። እንግሊዞች መጨረሻውን ቈርጠው ጌት አሉትና ወደ ጓዳ አስገብተው ሥራ አበዙበት። በ1066 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከፈረንሳይ ምድር ኖርማኖች ተሻግረው አገሪቱን በያዙ ጊዜ፣ ኦብቴይንና ሪሲቭን የመሳሰሉት ከላቲን የተወለዱ፣ በፈረንሳይኛ የታጠቡ ቃላት በየዘመናቸው እየተከተሉ መጥተው ከእልፍኝ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ጌት ይሠራል፣ ግብሩን እነ ኦብቴይን ይበላሉ።

እኛስ ከዚህ የተለየን ነን? በቤቱ «በላ» የሚለው ሰውዬ በግብዣ ላይ «ተመገበ» ይላል፤ ዘመዱ ቢሞት «ሞተ»፣ አለቃው ቢሞቱ «ዐረፉ» ይላል። «አገኘሁ» ማለት በቂ ሆኖ ሳለ፣ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ማኅተም ሲሰጠው፣ «በዛሬው ዕለት ተረክቤአለሁ» ብሎ በሦስት ቅጂ ይፈርማል። ረከበ በግዕዝ አገኘ ማለት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከመዝገብ ቤት ሲገባ ካባ ለብሶ፣ ርክክብ ተብሎ፣ ኮሚቴ ተቋቁሞለት ይገኛል። እኔም ራሴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተማሪዎቼን «ሄደ» እየሰረዝኩ «ተጓዘ» ስጽፍባቸው ስለ ኖርኩ፣ በአስተማሪው ላይ ልፈርድ አፌን አልከፈትኩም።

ግዕዝ ከተነሣ ዘንድ፣ በቅኔ ቤት ሳለሁ የኔታ ግስ ሲያወርዱልን የነበረውን አስታወስኩ። ከቀተለ እስከ ጦመረ ስምንቱን አርእስተ ግስ በየወገናቸው ስንቈጥር፣ ለብዙው ግስ አንድ ፍቺ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃው ነበረ፤ ነሥአ ከሚለው ላይ ሲደርሱ ግን የኔታ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ረጅም መንገድ እንደሚጀምር ሰው ትንፋሻቸውን ስበው፣ «ያዘ፣ ወሰደ፣ ተቀበለ፣ አነሣ» እያሉ ይቀጥላሉ፤ ሚስት ማግባትም በዚሁ ግስ «ነሥአ ብእሲተ» ይባላል። ከዚሁ ሥርም ተንሥአ ይወጣል፣ ከተንሥአም ትንሣኤ። ዲያቆኑ በቅዳሴ መካከል «ተንሥኡ» ብሎ ድምፁን ሲያሰማ፣ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋው ምእመን ሁሉ እኩል ይነሣል። ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው ዲያቆኑ ጌት አፕ ማለቱ ነዋ!» አለ። «ማለቱስ ነው፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳትሞክረው» አልኩት። ደግሞም ለባለ ቅኔ የቃል ፍቺ መብዛት በረከቱ እንጂ መከራው እንዳይደለ፣ ኅብር የሚባለው የቅኔ መንገድም የቆመው በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር በመደበቅ እንደ ሆነ ላስረዳው ጀምሬ ነበረ፤ ፈተናው ላይ ይመጣ እንደ ሆነ ስለ ጠየቀኝ ተውኩት።

«ደግነቱ» አለ ልጁ ደብተሩን እየከደነ፣ «የእኛ ቋንቋ እንዲህ አያስቸግርም፤ ቃሉ አንድ፣ ፍቺው አንድ።»

ለዚህ ንግግር መልስ የሰጠችው፣ ሳታውቀው፣ ቡና የምታፈላው ሴት ነበረች። እሷ በዚያን ቀን አርፍዳ መጥታ ከሰሏን ስታራግብ ነበረና፣ ምክንያቷን በአንድ ትንፋሽ እንዲህ ስትል ዘረዘረችልን፦ «አይቀየሙኝ አባባ፤ ትንሹን ልጄን ወባ ይዞት፣ ጤና ጣቢያ ወስጄው፣ ከሌሊት ጀምሮ ተራ ይዤ፣ መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ እንቅልፍ ይዞት፣ አዝዬው ስመለስ ዝናብ ያዘኝ፤ ባጃጅ ልይዝ ብል ሁሉም ሰው ይዟል፤ እዚህ ስደርስ ደግሞ ቦታዬን ሌላ ሴት ይዛብኛለች፤ ቂም አልይዝባትም፣ እሷም ለልጆቿ ነው፤ አሁን ደግሞ ይኸው ከሰሉ እሳት አልይዝ ብሎኝ ነው።»

ልጁ በጣቱ ሲቈጥር አየሁት። ዐሥረኛው ጣት ብቻ ቀረው። ወባው እንደ ሌባ ያዘ፣ ተራው እንደ ርስት ተያዘ፣ እንቅልፉ ልጁን ያዘ እንጂ ልጁ እንቅልፉን አልያዘም፣ ባጃጁን ግን ሰው ይይዘዋል፤ ቂም በሆድ ይያዛል፣ እሳት በከሰል ላይ ይይዛል። ይህንን ሁሉ ቢጽፈው የጌትን ያህል ገጽ ይጠይቃል። ይህም ከሐይቁ ወገን፣ አሞራ ገደል በሚባለው ዳር ዓሣ የያዘው ሰው ሳይቈጠር ነው። እኔም የተከፈተ በር አግኝቼ፣ ዐሥረኛዋን ጣቱን እንዲያጥፍ፣ ሴትዮዋን፣ «የኔ ልጅ፣ ዳዊት በቃልሽ ትይዣለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ «ሃምሳኛውን ይዣለሁ» አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ልጁን በዚሁ ልለቀው ይገባኝ ነበረ፤ ነገር ግን ጡረታ የወጣ አስተማሪ ተማሪ ሲያገኝ ልጓሙ እንደ ተፈታለት በቅሎ ነውና፣ «ዝም አለ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አልተናገረም ማለት ነዋ።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«ምንም ካላለ፣ ለምን ‹አለ› ትላለህ?»

ልጁ ዝም አለ። ማለት፣ አለ። በእውነቱ ይህ «አለ» የተባለው ግስ ሥራው መናገር ሆኖ ሳለ፣ ከአፍ በቀር በሌላው አካል ሁሉ የሚሠራ ጉደኛ ነው። ሰው ሲቀመጥ ቁጭ አለ፣ ሲነሣ ብድግ አለ፣ ከመስኮት ሲታይ ብቅ አለ፣ ደስ ሲለው ፈገግ አለ፣ ሲከፋው ኵርፍ አለ፤ ድንገት ቢሞት እንኳ ክልትው አለ ይባላል፤ አማርኛ ተናጋሪ ከሞተ በኋላም አንዲት ቃል ሳይል አይቀበርም ማለት ነው። እንግሊዞች ጌትን ወስደው፣ የኔታ ደቂቅ አገባብ የሚሏቸውን የመሰሉ ጥቃቅን ቃላት ከኋላው እየቀጠሉ፣ ጌት አፕ፣ ጌት ዳውን፣ ጌት አዌይ እያሉ ያሠሩታል፤ እኛ ደግሞ ጥቃቅኖቹን ከፊት አስቀድመን አለን ከኋላ እናስከትላለን። ሠረገላው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ፈረሱ ከፊት ወይም ከኋላ መታሰሩ ነው።

በዚህ ላይ ላልቶ ሲነበብ መናገር፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖር ይሆናል፤ ስለዚህ ልጁ ከቤታችን በር ላይ ቆሞ፣ «አባባ አሉ?» ተብሎ ቢጠየቅና፣ ገብቶ እኔን ጠይቆ ቢመለስ፣ «አሉ አሉ» ብሎ ቢናገር ፍጹም ትክክል ነው፤ ፊተኛው ጠብቆ፣ ኋለኛው ላልቶ። ደግሞ ሦስተኛ «አሉ» አለ፤ «ዘይት ሊረክስ ነው አሉ» የሚባለው። እነዚህ ባዮች እነማን እንደ ሆኑ፣ የትስ እንደሚገኙ፣ ከተባለው ሁሉስ ስንቱ እንደ ተፈጸመ ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ ዘይቱም አልረከሰም።

ልጁ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ መጽሐፍ የለም?» አለኝ። አለ፣ ጠብቆ። ደስታ ተክለ ወልድ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ታትሟል፤ ከእሱም አስቀድሞ የከሣቴ ብርሃን ተሰማ ነበረ። እኔን ግን ለልጁ ሥራ ይስማማዋል ያሰኘኝ፣ ዎልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ያሳተሙት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። የዚህ መጽሐፍ ብልሃቱ፣ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ዐሥር የአማርኛ ቃል ደርድሮ «ምረጥ» ብሎ አንባቢውን በሜዳ አይጥለውም፤ ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ፣ በሥራው ላይ ሳለ ያሳየዋል። እውነትም ሎሌን ለማወቅ ስሙን መጥራት ምን ይጠቅማል? ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲፈልጥ፣ በቅሎ ሲጭን ማየት ነው። ያ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ካለው ሒሳብ ይልቅ በዚህ መጽሐፍ አንዷን ዐረፍተ ነገር አንብቦልን ቢሆን ኖሮ፣ ጆንያው ሳይንከራተት በቀረ፤ ነገር ግን መጽሐፉ በዚያ ጊዜ ገና አልታተመም ነበረ፤ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም።

ይህን ስንነጋገር ከጐናችን ባለው ሣር ላይ፣ ከዘራቸውን ጕልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው የነበሩ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ፣ ቡናቸውን ጨርሰው፣ «ልጁ የሚፈልገው አንድ ሆኖ ብዙ የሚሠራ ቃል ከሆነ እኛም አለን» አሉ። እኔ የሲዳምኛ ችሎታዬ ከሰላምታ ስለማያልፍ ጆሮዬን ሰጠኋቸው። «አፊኒ ነው ቃሉ» አሉ። ሲፈታ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ወሬ የሚጠያየቁበት ይህ ቃል፣ ሽማግሌዎች ለዕርቅና ለዳኝነት በተሰበሰቡ ጊዜ ደግሞ፣ ነገሩ ለሁሉ ተሰምቶ፣ ሁሉም መክሮበት፣ እውነቱ እስኪጠራ ድረስ የሚሄዱበት የአንድ ሙሉ ሥርዓት ስም ነው። ሰውዬው ይህን ሲነግሩን፣ ያ የሒሳብ መምህር «ዲድ ዩ ጌት ኢት?» ሲል የጠየቀን ለካ ይህንኑ ኖሯል ብዬ አሰብኩ፤ እንደ አፊኒ ያለ ቃል በአፉ ቢኖረው፣ ሰማችሁ ወይ ተብለን ቢሆን ኖሮ፣ ባይገባን እንኳ መስማትስ ሰምተን ነበረ።

ሽማግሌው ለልጁ ሌላም ነገር ጨመሩለት፤ በዚሁ በጉዱማሌ የሚከበረው ፊቼ በየዓመቱ በአንድ ቍርጥ ቀን የሚውል እንዳይደለ፣ አያንቶ የሚባሉት የሰማይ ተመልካቾች ጨረቃንና ከዋክብትን እያዩ ቀኑን እንደሚቈርጡት ነገሩት። ልጁ ይህን ጊዜ ብድግ አለና፣ «ቀን በምን ይቈረጣል?» ብሎ ራሱን ጠይቆ፣ ደብተሩን ከፍቶ፣ በአዲስ ገጽ ራስ ላይ «ቈረጠ» ብሎ በቀይ ጻፈ። ሥጋ ቈረጠ፣ ቲኬት ቈረጠ፣ ተስፋ ቈረጠ፣ ቀን ቈረጠ፣ ሆዱን ቈረጠው፣ ደመወዙን ቈረጡበት። ከሥጋው በቀር ቢላዋ የነካው አንድም አልተገኘም።

ሴትዮዋ ከአቦል፣ ከቶናና ከበረካ አልፋ የምታቀርበው ሲኒ አልነበራትምና፣ ከሰሉም በመጨረሻ ከያዘ በኋላ መልሶ ጠፋ፤ እኛም ሂሳባችንን ከፍለን፣ ሽማግሌውን ተሰናብተን፣ ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤታችን አዘገምን። በመንገዳችን ላይ አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቆሞ ነጂው፣ «ግቡ!» አለን፤ ልጁ ወዲያው ደብተሩን አወጣ።

ፈተናው ከተፈተነ ወዲህም ልጁ ያን ደብተር አልጣለውም። ጌት 43 ላይ ቆሟል፤ ያዘ 38 ደርሷል፤ አለ ግን 60ኛው ላይ ሲደርስ ገጹ አለቀ። ሌላ ደብተር ልገዛለት ቃል ገብቼ ነበረ፤ እስካሁን አልገዛሁም።